የአቶ ላክሰን ካፋንቴንጎ የሕይወት ታሪክ እና ያፈሩበት የዝንብ እንቁላል

አቶ ላክሰን ካፋንቴንጎ ከአባታቸው ከአቶ ጆሴ ካፋንቴንጎ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ናሊያ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1953 በንቺሲ አውራጃ ተወለዱ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያም በትምባሆ እርሻ ተቀጥረው ሲሠሩ ቆይተው በ1976 ከወይዘሮ ፋሌሲ ጋር ትዳር መሥርተው አራት ልጆች አፈሩ። በቆሎ በማብቀል የሚወዳደራቸው አልነበረምና በ1998 የመንደራችን ገበሬዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ከዚያ ወንበር አልወረዱም። ንግግር ይችሉበት ነበር። ጉዳቱም ከዚያው መጣ።

እኔ ታናሽ ወንድማቸው ነኝ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፤ የሚቀጥለውን ያጻፉኝ ራሳቸው ናቸው። “የምታሳምረው ከሆነ ተወው፣ አትጻፈው” ብለውኛል።

በ2017 መጤው ተምች በቆሏችንን ሲፈጀው፣ መድኃኒት የምንገዛበት አቅም ስላልነበረን ትሉን በእጃችን መልቀም ጀመርን። አንዳንዱ ትል ከራሱ ዝቅ ብሎ ጀርባው ላይ ነጫጭ እንቁላል ተጣብቆበት ይገኛል። አቶ ላክሰን ይህን አይተው “ይቺ እርጉዝ ናት! እሷን መግደል መቶ መግደል ነው፤ መጀመሪያ እሷን!” ብለው ዐወጁ። መንደሩ በሙሉ ነጭ ያለባትን እያደነ ጨፈለቀ።

የእህታችን ልጅ ኤነሌሲ የግብርና ኮሌጅ ጨርሳ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነበር። በእኛ ወገን የእህት ልጅ ጠባቂዋ አጎቷ ነው፤ አባቷ የሞተባትን ይህችን ልጅ ያሳደጓትም እሳቸው ናቸው። ማንጎው ሥር በተሰበሰብንበት ተነሥታ “አጎቴ፣ እንቁላሉ የትሉ አይደለም፣ የዝንብ ነው። ሲፈለፈል ትሉን ከውስጥ ይበላዋል። እነዚያን ተዉአቸው፤ የሚረዱን እነሱ ናቸው” አለች።

አቶ ላክሰን ሳቁ። “አፍንጫሽን የጠረግኩልሽ ልጅ፣ ዛሬ የዝንብ ጠበቃ ሆነሽ መጣሽብኝ? ዝንብ ከወደድሽማ ሽንት ቤቱ ያውልሽ!” አሏት። እኛም አብረን አውካካን። ስሟ “የዝንብ እናት” ሆኖ ቀረ። ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

በቀጠሉት ክረምቶች ተምቹ ባሰበት፤ ለንሲማ ገንፎ የሚሆን ዱቄት ያጣው ቤት ብዙ ነበር። በ2020 አቶ ላክሰን “ልጅቱን ባሳፍራት” ብለው ነጭ ያለባቸውን ትሎች ከቅጠል ጋር በብልቃጥ ከተው አፉን በሻሽ አሰሩት። ትሎቹ ሞቱ። በኋላ ሻሹን ሲፈቱት ብልቃጡ ውስጥ በሕይወት የነበረው ዝንብ ብቻ ነው። ወይዘሮ ፋሌሲ እንደሚሉት ያን ቀን እህል አልቀመሱም።

ዝንቦቹን በቆሎው ውስጥ ለቀቋቸው። ከዚያ ወዲያ “ነጭ ያለባትን አትንኩ” እያሉ ማስተማር ጀመሩ፤ ከሌላ መንደርም እየመጡ ይሰሟቸው ነበር። ተምቹ እየቀነሰ ሲሄድ “አዋቂ” ተብለው ተጨበጨበላቸው። ከማን እንደሰሙት ግን ትንፍሽ አላሉም። እስከ መጨረሻው ያሳፈራቸው ይህ እንጂ መሳሳታቸው አልነበረም።

በ2021 ኤነሌሲ አገባች። ከሙሽራው ወገን አውራ ዶሮ ተቀብሎ ሴት ዶሮ መስጠት የአጎት ወግ ነው። ዶሮዋን ገዝተው አዘጋጅተው ነበር፤ በዕለቱ ግን “አሞኛል” ብለው ተኙ። ምንም አላመማቸውም። “በምን ዐይኔ ልያት?” ነው ያሉኝ። በቦታቸው እኔ ሌላ ዶሮ ይዤ ቆምኩ።

ኋላ እውነተኛው ሕመም መጣ። ኩላሊታቸው ታሞ ሆስፒታል ሲተኙ ገንፎ እያጎረሰች ያስታመመቻቸው ኤነሌሲ ናት። “ውሃ ስጪኝ” ይሏታል፤ ስትሰጣቸው ስለ በቆሎው ይጠይቋታል። በቆሎው ሊደርስ ሲል፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 2025፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ አራት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና ኤነሌሲን ትተውልን ሄደዋል።

ይህን ጽሑፍ በቀብራቸው ላይ ኤነሌሲ እንድታነበው፣ አስቀድማም እንዳታየው አደራ ያሉት እሳቸው ናቸው። የመጨረሻ ቃላቸው ይህ ነው፦ “ልጄ ኤነሌሲ፣ እውነቱ ያንቺ ነበር። ጭብጨባውም ያንቺ ነበር። ቆሜ ልነግርሽ አፍሬ፣ ይኸው ተኝቼ ነገርኩሽ።”

ማንጎው ሥር የሳቅን ሁሉ እዚህ አለን። ልጄ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ድገሚው። ለሠርግሽ የገዟት ያቺ ዶሮ ከነጫጩቶቿ ግቢያቸው ውስጥ ናት፤ ስትሄጂ ውሰጃት።

አምላክ ያፈሩበትን ሸፍኖ ነፍሳቸውን ይቀበልልን፤ እኛንም ይቅር ይበለን። አሜን።