እግሯ መሬት አይደርስም

ሰርካለም፣

ቁልፉ ከበሩ ጀርባ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ሁለት ዓመት የነዳሁትን ሞተር ቢሮው ለአንቺ ከሰጠሽ፣ ሳላስተምርሽ የቀረሁትን ልንገርሽ።

ጠዋት ብርድ ስለሚይዘው ቾክ የሚባለውን ማንሻ ስበሽ አስነሺው፤ እስኪሞቅ ታገሺው።
አወጣጡ እንደ በቅሎ ነው። አጥሩ ሥር ያለውን ድንጋይ ረግጠሽ ላዩ ላይ ውጪ። ከወንዝ ተሸክሜ ያመጣሁት ለሁለታችን ብዬ ነበር።
ስትቆሚ ሁለቱንም እግርሽን አታውርጂ፣ ትወድቂያለሽ። ወገብሽን ወደ ግራ አንሸራትተሽ በአንድ እግርሽ ጣቶች ቁሚ፤ ቀኙ ፍሬኑ ላይ ይሁን።

ትናንት የቢሮው ግምገማ ላይ እጅሽን አውጥተሽ «ጥሩሸዋ እግሯ መሬት አይደርስም፤ ለሞተር አትሆንም» ስትዪ ቀና ብዬ አየሁሽ። አንቺ ደብተርሽን ታያለሽ።

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቂው።
እኔ ዘመሮ ከተማ እናቴ ዘንድ ሄጃለሁ። ልብሴን ወስጃለሁ።

እዚህ ቤት የገባን ቀን በእርሳስ ቁመታችንን የለካነው የበሩ መቃን ላይ ነው። ምልክቱን አልፋቅሁትም። በሁለት ጣት የምታጥሪው አንቺ ነሽ።
ትናንት «አስተያየት ካለሽ ተናገሪ» ሲሉኝ፣ ይህን አልተናገርኩም።

ጥሩሸዋ