ቁጥር በዝምታ አይገለበጥም ያሉት የኢንጂነር ሩሞንዳንግ ሲማኑላንግ የሕይወት ታሪክ

ኢንጂነር ሩሞንዳንግ ሲማኑላንግ ከአባታቸው ከጀልባ መካኒኩ ከአቶ ኤልካና ሲማኑላንግና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቲዮሚናር ሲላላሂ በቶባ ሐይቅ ዳር፣ በሙአራ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 1957 ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ ሦስት ወንድሞች ተከትለዋቸዋል።

እኛ የሐይቁ ዳር ሕዝብ ባታኮች ሟችን ሬሳ ሳጥን ፊት ቆመን ስናነሣ ሁሉንም ታጋሽ፣ ሁሉንም ትሑት ማድረግ እንወዳለን። ሩሞንዳንግ ታጋሽ አልነበሩም። ገና በልጅነታቸው በገበያ ሚዛን ላይ ጣቱን ያሳረፈ ዓሣ ነጋዴ ካዩ እናታቸው እጃቸውን እየጎተቱ እንኳ ዝም አይሉም ነበር። ስለዚህ ታጋሽ ነበሩ ብለን ዛሬ አንዋሽባቸውም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሙአራ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በታሩቱንግ ተምረው በ1976 ወደ ባንዱንግ በመምጣት የኤሌክትሪክ ምሕንድስና አጠኑ። ከዚያም ኔዘርላንድ ሄደው ሁለተኛ ዲግሪያቸውን የሠሩት በኮምፓይለር ላይ ነው፤ ማለትም ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ በሚተረጉመው ፕሮግራም ላይ። እዚያው እንዲቀሩ ቢጠየቁም በ1984 ተመልሰው የሒሳብ መምህሩን አቶ ቢስቶክ ሁታጁሉን አገቡ፤ ናውሊንና ቶጋርንም ወለዱ።

በዚያው ዓመት ለግድቦች፣ ለውኃ ማሰራጫዎችና ለባቡር መስመሮች መቆጣጠሪያ የሚሠራ የባንዱንግ ኩባንያ ቀጠራቸው። ስሙን አንጠራውም። ኩባንያው የሚሠራበትን የፕሮግራም ቋንቋ ኮምፓይለር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የገነቡት እርሳቸው ናቸው።

ሥራቸውን እኛ ቤተሰቦቻቸው እንዲገባን ያስረዱን በምግብ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ኮምፒውተር ቁጥርን በዕቃ ያስቀምጣል፤ ትልቅ ዕቃ አለ፣ ትንሽ ዕቃም አለ። ከትልቁ ወደ ትንሹ ሲገለበጥ ትንሹ የማይይዘው ይፈስሳል፤ የቀረውም ሌላ ቁጥር ሆኖ ቁጭ ይላል። አንዳንዱ ቋንቋ ይህን ሲያደርግ ትንፍሽ አይልም። የሩሞንዳንግ ኮምፓይለር ግን እንዲህ ያለ ግልበጣ ሲያይ «አልተረጉምም» ብሎ ይቆማል። ፕሮግራመሩ ዕቃው ባይበቃስ ምን ይሁን የሚለውን በራሱ እጅ እስኪጽፍ ድረስ ንቅንቅ አይልም፤ ማሽኑ ይቁም? ደወል ይምታ? ወይስ ቁጥሩ ዕቃው በሚችለው ትልቁ ላይ ይያዝ?

ፕሮግራመሮቹ ተማረሩ። ነገረኛ አማት ነው እያሉ ኮምፓይለሩን በእርሳቸው ስም ይጠሩት ጀመር። ሩሞንዳንግ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው።

በ1999 አቶ ዊርያ ኩስናዲ የኩባንያው ዳይሬክተር ሆነው መጡ። ሥራ ተጓተተ፣ ደንበኛ ሸሸ ብለው ሁሉንም ሰብስበው የኮምፓይለሩ ክልከላ ተነሥቶ ተራ ማስጠንቀቂያ እንዲሆን አዘዙ።

«ወይዘሮ ሩሞንዳንግ፣ ደንበኞቻችን መቆጣጠሪያ ገዛን እንጂ ሞግዚት አልቀጠርንም እያሉ ነው» አሉ። «ያስጠንቅቅና ይለፍ። ምን አለበት?»

«ማስጠንቀቂያውን ማን ያነበዋል? እርስዎ ያነቡታል?»

ሰዎች ሳቁ፤ እርሳቸው አልሳቁም። «እንግዲያው ሰው ሲሞት ማን እንደሚጠየቅ አሁኑኑ ንገሩኝና ልውጣ» አሉ።

ክልከላውን በገዛ እጄ አላነሣም በማለታቸው ኮምፓይለሩን ተነጥቀው ወደ ሥልጠና ክፍል ተዛወሩ። ክልከላው መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ሆነ፤ ማስጠንቀቂያው በዛብን ተባለና ዓመት ሳይሞላ እርሱም ጠፋ። ሩሞንዳንግ አንድ ቀን ለጉብኝት በመጡ የግድብ ኃላፊዎች ፊት ይህንኑ ተናገሩ። በማግስቱ መግቢያ ካርዳቸው በሩን አልከፍት አላቸው። አሥራ ሰባት ዓመት ያገለገሉበትን ቤት በዘበኛ ተሸኝተው ለቀቁ። ከዚያ በኋላ በአንድ የግል ኮሌጅ ማስተማር ጀመሩ።

በ2008 ታኅሣሥ ውስጥ፣ እሑድ ጠዋት፣ ከቺራንጉን መንደር በላይ ያለው፣ የዚያ ኩባንያ መቆጣጠሪያ የተገጠመለት የአፈር ግድብ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ተደረመሰም። ሰዎች ሞቱ። የወይዘሮ ኢዮህ ሱካእሲህ ባልና ሁለት ሴቶች ልጆች ከሟቾቹ መካከል ናቸው። ኩባንያው በጋዜጣ ወጥቶ ታይቶ የማይታወቅ ዝናብ ነው፣ የእግዚአብሔር ሥራ ነው አለ።

ውሸት ነበር። ከአደጋው በፊት በግድቡ ላይ አዲስ የውኃ ከፍታ መለኪያ ተተክሏል። አሮጌው በሴንቲሜትር ሲናገር አዲሱ የሚናገረው በሚሊሜትር ነው፤ ቁጥሩ ትልቅ፣ የሚቀበለው ዕቃ ግን የድሮው ትንሹ ነው። ያ ዕቃ ከሠላሳ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ስልሳ ሰባት በላይ አይዝም፤ ካለፈ ቁጥሩ ተገልብጦ ከዜሮ በታች ይሆናል። ውኃው ሠላሳ ሦስት ሜትር ሲደርስ መቆጣጠሪያው ግድቡ ባዶ ነው ብሎ የማስተንፈሻውን በሮች ዘጋ። ጠባቂው በሩን በእጅ ለመክፈት ሲታገል ውኃው በአፈሩ አናት ላይ ወረደ።

ነገሩ ሲወጣ ኩባንያው ያን መስመር የጻፈውን ወጣት ፕሮግራመር ዳዳን ሱርያናን አሳልፎ ሰጠ፤ ታሰረም። ሩሞንዳንግ ልጁን አያውቁትም ነበር። ለምስክርነት እንደሚቆሙ በተሰማ ጊዜ አቶ ዊርያ ራሳቸው ሩሞንዳንግ ቤት ድረስ መጡ። ኮምፓይለሩ የእርሳቸው ስም ያለበት ስለሆነ ቢናገሩ ራሳቸውን እንደሚያዋርዱ፣ የኩባንያውን ምስጢር በማውጣትም እንደሚከሰሱ በጨዋ ቋንቋ አስረዷቸው። እንግዳው ሲወጡ አቶ ቢስቶክ ፈርተው፣ «የናውሊ እናት፣ ከዚህ ቤት ቢያስወጡንስ?» አሏቸው።

«ሙአራ እንገባለን። ይልቅ ነገ የምለብሰውን ልብስ ተኩስልኝ» አሉ።

በችሎቱ የኩባንያው ጠበቃ ስህተቱን የጻፈው ይህ ወጣት ነው ወይስ አይደለም ብሎ ጠየቃቸው።

«እርሱ ነው» አሉ። «እኔም እንዲህ ያለ መስመር ጽፌ አውቃለሁ። የእኔን ኮምፓይለሩ መለሰልኝ። የእርሱን የሚመልስለትን እናንተ አፉን ለጎማችሁት። ሰው እንደሚሳሳት አውቀን የሠራነውን አጥር አፍርሳችሁ፣ ገደል የገባውን ልጅ ለምን ገባህ ትሉታላችሁ?»

ጠበቃው ዝናቡን አነሣ።

«ዝናቡ የእግዚአብሔር ነው፤ ቁጥሩ የእናንተ ነው። እግዚአብሔርን ከዚህ ውስጥ አውጡት» አሉ። ከኋላ የተቀመጡት ወይዘሮ ኢዮህ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።

ዳዳን በነፃ ተለቀቀ። አቶ ዊርያ ግን አንድም ቀን ሳይከሰሱ የክብር ሜዳልያ አጥልቀው ጡረታ ወጡ። ኩባንያው በሩሞንዳንግ ላይ የመሠረተው ክስ ለአራት ዓመት ሲያንከራትታቸው ኖሮ ተዘጋ። ክልከላውም በስውር ወደ ኮምፓይለሩ ተመለሰ፤ አዲስ ስም ወጣለት፣ አዲስ የደህንነት ፈጠራ ተብሎም በትልቅ ሆቴል ተመረቀ። ዳዳን ይህን ሊነግራቸው ሲመጣ ደስ ይላቸዋል ብሎ ነበር። እርሳቸው ግን «በፊትም ይቻል ነበር ማለት ነው!» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ፤ እስኪመሽም አልወጡም።

ከዚያ ወዲህ ያስተማሯቸው ተማሪዎች ሁሉ የመጀመሪያውን ትምህርት የተማሩት ቺራንጉን ሄደው ነው። ሩሞንዳንግ ለፈረሰው ግድብ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ያስተምሩ ነበር፤ ወይዘሮ ኢዮህም አጠገባቸው ይቆሙ ነበር። ዳዳን ረዳታቸው ሆኖ አብሮ ያስተምር ነበር፤ አሁንም ያስተምራል።

በ2017 ኩላሊታቸው ታመመ። በሐኪም ቤትም ጠባያቸው አልተለወጠም፤ የመድኃኒት መስጫውን መሣሪያ ማን ፕሮግራም እንዳደረገው ነርሶቹን ይጠይቁ ነበር። አቶ ቢስቶክ፣ ልጆቻቸውና ዳዳን በተራ ሲያስታምሟቸው ቆይተው መጋቢት 9 ቀን 2019 በተወለዱ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና ሦስቱ ወንድሞቻቸው በሕይወት አሉ። እስላሟ ወይዘሮ ኢዮህ ዛሬ ከእኛ ጋር በፊተኛው ወንበር ተቀምጠዋል፤ እኅት ናቸውና።

ትናንት ከዚህ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ለኀዘን ከሚላኩት ባለ ብዙ አበባ ሰሌዳዎች መካከል ያ ኩባንያ የላከው፣ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ቆሞ ነበር። «ለደህንነት ፈር ቀዳጅ» ይላል። ወንድሞቻቸው በፒክአፕ ጭነው ወደ ላኪው መልሰውታል። በስሕተት ሳይሆን አንፈልገውም ብለን መመለሳችን ለሁሉም ይታወቅ።

የእውነት ዳኛ የሆነው አምላክ የእኅታችንን ነፍስ ከጻድቃኑ ማረፊያ ያሳርፍልን። ለቺራንጉን ሟቾችም እንዲሁ። የሩሞንዳንግን ቁጣ ግን ከእርሳቸው ጋር አፈር አያልብስብን፤ ለእኛ ይተውልን፣ ገና ያስፈልገናል። አሜን።