ሳሙና የገባበት ኩሬ

ለምወድህ ወንድሜ ለጌድዮን፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? የጆሃንስበርጉ ብርድ ጎንህን ለቀቀህ ወይ? ሳያትስ ደህና ናት? ልጃችሁ ራዕይ የሚነቃነቀው ጥርሱ ወለቀለት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ የእማዬም ጉልበት ክረምቱ ካለፈ ወዲህ ቀለል ብሎላታል።

ይህን በስልክ ልነግርህ አልቻልኩም፤ ስንደዋወል አባባ አጠገቤ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። የሰፈራችን ልጅ ክርስቲያን ወደ እናንተ እንደሚመጣ ስሰማ፣ በእሱ እጅ ልልክልህ ወረቀት አነሳሁ።

ለገና ስመጣ የራዕይን ምላስ ከጓሯችን ኩሬ በውሃ እናት አስነክሰዋለሁ፣ ፉጨት ይለምዳል ብለህ ነበር። ያቺ ውሃ ላይ የምትሽከረከር ጥቁር ጥንዚዛ አንተን በአንድ ንክሻ አስፏጨችህ፣ እኔ ግን ሦስቴ ተነክሼ ነው የቻልኩት። ምላስሽ ወፍራም ስለሆነ ነው እያልክ ስንት ዓመት አሾፍክብኝ! ጌድዬ፣ አሁን አንዲትም የለችም።

አምና ከበላያችን ላቫጆ ተከፈተ። መኪና የታጠበበት ውሃ በቦይ ወርዶ ኩሬው ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ውሃው ላይ የሚሮጡት እግረ ረጃጅሞች ጠፉ፣ ቀጥሎ የውሃ እናት፣ ቀጥሎ የውሃ ተርቦቹ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ጎረቤታችን ግሩም መረብ ይዞ መጥቶ ጠዋቱን ሙሉ ሲያጠልቅ ቆየ። ነጭ ሳፋ ላይ ሲገለብጠው የተገኘው ቀይ ትልና የቢንቢ እጭ ብቻ ነው። ሳሙናው የውሃውን ፊት ስለሚያላላው ላዩ ላይ የሚሄዱት ይሰምጣሉ፣ ዘይቱም ሌሎቹን ትንፋሽ ያሳጣቸዋል አለኝ። ቀይ ትሉና የቢንቢው እጭ ብቻቸውን ከቀሩ ውሃው ታሟል ማለት ነው አለ።

አባባ ግን ደስ ብሏቸዋል። ሳሙና የገባበት ውሃ እንዴት ይቆሽሻል ይሉኛል። ተባዩ ታጥቦ ሄደ ብለው ጎመኑን ያጠጡበታል፣ ፊታቸውን ይታጠቡበታል። ክንዳቸው ላይ ሽፍታ ወጥቷል፤ ብርድ ነው ይላሉ። በገዛ እጃቸው የቆፈሩትን ኩሬ ሞተ ብዬ ልነግራቸው አልጨከንኩም። አቤት ለማለት ሦስት ጊዜ ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ፤ በፕላኑ ላይ ኩሬ የሚባል ነገር የለም ተባልኩ። አልዋሽህም፣ ተስፋ ቆርጫለሁ።

ትናንት ዳሩ ላይ ቆሜ እንደ ልጅነታችን አፏጨሁ። እንቁራሪት እንኳ ዝም አለኝ።

ሳያትን ሳምልኝ። እማዬ ሁላችሁንም በናፍቆት ትስማችኋለች። አባባም ደብዳቤ እንደምጽፍ ሲሰሙ፣ ኩሬው ጠርቶ ይጠብቅሃል በይልኝ ብለዋል። ራዕዬን ጉንጩን ሳምልኝ፤ ፉጨቱን ግን እዚያው አንተው አስተምረው። ከኩሬያችን የተረፈው በአንተና በእኔ አፍ ያለው ብቻ ነው።

እህትህ ራኬብ
ኮልፌ ቀራንዮ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.