ሳይታይ የታጠበው ስላይድ

ሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን 1977
ዛሬም አርባ ሦስት ስላይድ አጠብኩ። ጣቶቼ ተላጡ። ደም የሚቀባባት ትንሽ መስታወት ከገበያ ስለጠፋች አንዷን ሃያ ጊዜ እንጠቀምባታለን። ይሁን። የሚያናድደኝ ካሜራው ነው። ማይክሮስኮፑ ላይ ከተገጠመ ወዲህ የላቦራቶሪው ኃላፊ ካሂን በዓይኑ ማየት ተወ። ከአንድ ሰው ደም አንድ ቦታ ብቻ ፎቶ ያነሳል፣ ቀጭ! "እጠቢ።"
"ሌላው ቦታስ?"
"ፊልም ከየት ይምጣ? ደግሞ ፎቶ አይዋሽም። አንቺ ውሃሽን ቅጂ።"
የጎረቤቴ የመሪያም ልጅ ሑዳም መጥታ ነበር። ሰውነቷ እሳት... ካሂን ደሟን ፎቶ አነሳ። ስላይዷን በእጄ አጠብኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4
የሑዳ ፎቶ መጣ። "ንጹህ።"

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8
ሑዳ ድና ግቢ ውስጥ ስትሮጥ አየኋት። ለካሂን ነገርኩት። "አየሽ?" አለኝ። በከንቱ ነው እንዴ የተናደድኩት?

ሰኞ፣ ኅዳር 17
ትኩሳቱ ተመለሰባት። መሪያም እያለቀሰች፣ "ኪንሲ አባዮ፣ እህቴ፣ ወላሂ ልጄ አለቀች!" እንደገና ደም፣ እንደገና ቀጭ። ፊልሙ ከዚራ ሰፈር ካለው ፎቶ ቤት ታጥቦ የሚመጣው ነገ ነው። "እጠቢ።"
አላጠብኩም። ኪሴ ከተትኩት። ካሂን ስብሰባ ሲሄድ ማይክሮስኮፑ ሥር አደረግሁት። አዟዟሩን እሱን አይቼ ነው የተማርኩት። አንድ ቦታ ምንም። አሥር ቦታ ምንም። ከዚያ... በቀያዮቹ ህዋሶች መሀል የተጠማዘዘ ክር! ባለሱቁ አንድ ቀን ስኳር በጠቀለለልኝ የመጽሐፍ ገጽ ላይ ይኸው ክር ነበር። ገጿን አስቀምጫታለሁ። "የግርሻ በሽታ ተሕዋስ" ትላለች። ትኩሳቱ ሄዶ ይመለሳል...
ካሂን ሲመለስ ነገርኩት።
"ማን ንኪ አለሽ?"
"አንዴ እየው።"
"ፎቶው ነገ ይመጣል አልኩሽ!"
ስላይዱ እፊቱ! ዓይን አለው! ፎቶ ይጠብቃል። ልጅቷ እየነደደች። ስላይዱን መልሼ ኪሴ ከተትኩት። አላህ ትዕግሥቱን ይስጠኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18
ፎቶው መጣ። ንጹህ! ሑዳን የምታክመው ሐኪም ይዛው ገባች። "ታዲያ ልጅቷን የሚያቃጥላት ምንድን ነው? ስላይዱን አሳየኝ።" ካሂን ታጥቧል ሊላት ነው... ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ሐኪሟ አጎንብሳ ብዙ ቆየች። ቀና ስትል፣ "ፔኒሲሊን! አሁኑኑ!"

ሐሙስ፣ ኅዳር 20
ሑዳ ከመርፌው በኋላ ክፉኛ ተንቀጠቀጠች። ፈራን። ዛሬ ግን ትኩሳቱ ለቀቃት። ሐብሐብ አምጡልኝ ትላለች። በኅዳር ሐብሐብ!

ቅዳሜ፣ ኅዳር 29
ካሂን ከገንዳው በላይ ወረቀት ለጠፈ፦ "በሙሉ ሳይታይ ስላይድ አይታጠብ።" በራሱ ፊርማ! እንደ ራሱ ሐሳብ! ጠዋት ወንበሩን ወደ ማይክሮስኮፑ ሳበልኝ። "አባዮ፣ ነይ እስቲ ፈልጊልኝ።" እስከ ዛሬ "አንቺ" ነበርኩ፤ አሁን እህት ሆንኩ። ቁጭ ብዬ ፈለግሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ "ንጹህ ስላይድ አለቀ!" ብሎ ጮኸብኝ። ማን ይጠብ ታዲያ? ያለኝ ሁለት እጅ ነው!
ሳጥብ የኅዳር 3ቷ የሑዳ ስላይድ ትዝ አለችኝ። ያኔም ክሩ እዚያ ነበር... በሳሙና አጥቤ አፈሰስኩት።
የዚያን ቀን ያጠብኳቸው ሌሎቹ አርባ ሁለቱስ?