ያላነሳሁት ጽዋ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለአራጋው፣ ሪያድ።

ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? የአገሩ ሙቀትስ እንዴት አድርጎሃል? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ የልቤን ከዚህ በታች ታነበዋለህ። እናታችን እቴቴ አልጋ ከያዘች ስድስተኛ ወሯ ነው።

ከነገረኛ ከምትሰማው እኔው ልንገርህ፤ እቴቴ አኩርፋኛለች። ጥር ሃያ አንድ የማርያም ማኅበራችን እማማ የትምወርቅ ቤት ነበር። ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ ተረኛዋ እኔ ነበርኩና የማኅበሩ መሪ ሙሴው ጽዋውን ሊያስረክቡኝ ተነሡ። አልቀበልም አልኳቸው። ጽዋ እምቢ ያለ ሰው በደብራችን ታይቶ አይታወቅም፤ ያውም እቴቴ አርባ ዓመት የተቀመጠችበትን ቦታ የወረስኩ እኔ።

ተናድጄ አይደለም ወንድሜ፣ ታክቶኝ ነው። ዘርተን እናርማለን፣ አጭደን እንወቃለን፣ ያንኑ በልተን ደግሞ እንዘራለን። ማኅበሩም ያው ነው፤ እጠምቃለሁ፣ ይጠጣሉ፣ መርቀውኝ ይሄዳሉ፣ ጋኑን አጥባለሁ። ባሌን ከቀበርኩ ወዲህ ድካሙ እንጂ ፍሬው አይታየኝም። ይኸ ሁሉ አዙሪት ለምንህ ነው ብዬ ፈጣሪዬን ጠየቅሁት። እቴቴ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከእጄ አልበላም ስላለች የምታጎርሳት ጎረቤታችን ዙሀራ ናት።

የካቲት ሃያ አንድ ደረሰ። ጽዋውን የሚያነሳ ስለጠፋ እዚያው እማማ የትምወርቅ ቤት ከርሟል። ባልቴቷ ያላቸውን ለጥር አሟጠው ጓዳቸው ባዶ ነው። ቢሆንም የባቄላ ቆሎ ቆልተው፣ ውኃ ቀድተው ማኅበርተኛውን ጠሩ። ሁሉም ጸልየው በረከት ብለው በሉ አሉ። እኔ ቀረሁ። አመሻሹ ላይ እማማ የትምወርቅ ያን ቁልቁለት በምርኩዝ ወርደው፣ በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ቆሎ አመጡልኝ። ድርሻሽ ነው አሉኝ። መንገድ ላይ ወድቀው ኖሮ ጉልበታቸው ይደማ ነበር።

እስከዚያ ቀን ድረስ ተራው በራሱ የሚዞር ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚያዞረው ሰው ነው፤ እኔ የጣልኩትን እኒያ አሮጊት ተሸከሙት። በጣም አፈርኩ። ጌታ አዲስ ነገር አምጪ አላለኝም፤ የጠየቀኝ ተራዬን ብቻ ነው።

ለእቴቴ ሄጄ ጥፋቴን ነገርኳት። ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ለእኔ መንገርሽ ምን ያደርግልኛል፤ ጽዋውን አንሺው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቃል አልወጣትም።

ነገ መጋቢት ሃያ አንድ ነው። የተጠመቀውንም የተጋገረውንም ተሸክሜ እማማ የትምወርቅ ቤት እወጣለሁ። ሙሴው አንዴ የገፋችውን መልሰን አንሰጣትም ብለዋል አሉ። እስኪሰጡኝ ከደጃፉ አልነቃነቅም ብዬ ቆርጫለሁ። የእቴቴ ትንፋሽ ከትናንት ጀምሮ አጥሯል፤ ጽዋው ቤቷ ሳይገባ እንዳታመልጠኝ ፈርቻለሁ። ጸልይልኝ።

አብሮህ ለሚኖረው ለሁዜይፋ ሰላም በልልኝ። እናቱ ዙሀራ ደህና ናት፤ ሁለታችሁንም በዱዓ አልረሳችሁም ብላለች። ልጄ ትርንጎ አጎቴን ሳሚልኝ ትላለች። እማማ የትምወርቅ ስምህን ጠርተው መርቀውሃል። የእቴቴን ሰላምታ ግን አልጻፍኩልህም፤ ከአፏ ሳልሰማ አልዋሽህም።

እህትህ አልታዬ

መካነ ሰላም፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.