በለቅሶ ጥሪ የተቀበልነው ዋንጫ

ለክቡር የአህጉራዊው ዋንጫ ዝግጅትና ገጽታ ግንባታ አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎ፣ የቤተሰብዎ፣ የባልደረቦችዎ፣ እንዲሁም ከሁላችንም በላይ ተጠንቅቀው የሚያጓጉዙት የዚያ ዋንጫ ጤንነት እንደምን እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብለን በአርዲቦ ሐይቅ በኩል የምንኖረው፣ አልሐምዱሊላህ፣ የሞተው ሞቶ የቀረነው ደህና ነን።

ስሜ ሉብና ዘይኑልአቢዲን ይባላል። በኢኮኖሚክስ ተመርቄ ሁለተኛ ክረምቴን ሥራ በመፈለግ ላይ ያለሁ ስሆን፣ ተስፋ ግን አልቆረጥኩም፤ ብቆርጥማ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ። የዋንጫውን ወጪ ግብር ከፋዩ ሕዝብ በደስታ እንደሸፈነ በቴሌቪዥን ሲናገሩ ስለሰማሁ፣ የመንደራችንን ደስታ በዝርዝር ላሳውቅዎ ወደድኩ።

አንደኛ፣ ግብር ከፋይ ብለው ስለቆጠሩን አመሰግናለሁ። እናቴ ኢንሳፍ ግብር ከፋይ መሆኗን እስከ ዘንድሮ አታውቅም ነበር። ሳሙና ስትገዛና ስልኳ ላይ ካርድ ስትሞላ ከላዩ የሚቆረሰው ለስታዲየሙ ጣሪያ ጭምር እንደሚውል ብነግራት፣ «ታዲያ ጣሪያው እኛን ያስጠልላል?» አለችኝ። እኔም የተማርኩ ነኝና በተዘዋዋሪ እንደሚያስጠልላት በሰፊው አስረዳኋት። «ዝናቡስ በተዘዋዋሪ ነው እንዴ የሚመታኝ?» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። ይህን ጥያቄ በዩኒቨርሲቲ ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ መልሱን ከእርስዎ እጠብቃለሁ።

ሁለተኛ፣ በመንደራችንና በመኪና መንገዱ መካከል በሚወርደው ወንዝ ላይ ሊሠራልን የነበረው ድልድይ «በበጀት ሽግሽግ ምክንያት ለጊዜው እንዲቆይ» መደረጉን በማኅተም ስላሳወቁን አመሰግናለሁ። ልኬቱ ተወስዶ፣ ድንጋዩም ወንዙ ዳር ተራግፎ ነበር። ከዚያ መኪና መጥቶ ድንጋዩን መልሶ ጫነው፤ አሁን ዋንጫው ባለፈበት ጎዳና ዳር የአበባ መደብ ሆኖ በኖራ ተቀብቶ ይታያል። አበባው ደርቋል፤ ድንጋዩ ግን ጥሩ ድንጋይ ነው።

እዚህ ላይ ኳስ ጠል ነኝ ብለው እንዳያስቡብኝ። ኳስ እወዳለሁ፤ ኳስ ማያ ቤት ገብቼ ከወንዶቹ ጋር የምጮህ ሰው ነኝ። ታላቅ ውድድር የአገር ስም ያስጠራል የሚለውንም አልክድም። ስም ግን ሰውየው ከሞተም በኋላ የሚቀር ነገር ነው፤ የማይቀረው ሰውየው ነው፣ እና አስቀድሞ እርሱ ቢታሰብ ብዬ ነው።

ሦስተኛው ነገር ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ።

በእኛ አገር ቅሬ የሚባል አለ፤ ሌላው አገር እድር ይለዋል። እስላም ክርስቲያኑ አንድ ላይ ነው፤ ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ሰው ሲታመም በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና እስካለበት ያደርሳል። የቅሬያችን ጠሪ አባቴ ነው። ከመንደሩ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ቆሞ «ቅሬ ውጣ፣ ቅሬ ውጣ» ሲል ማን እንደሆነ፣ ምን እንደደረሰ አይናገርም፤ የሰማም አይጠይቅም። የሚያርሰው በሬውን ፈትቶ፣ የምታቦካዋ ሊጡን ከድና ትወጣለች። መጠየቅ ከደረሱ በኋላ ነው። ይህ ጥሪ ለሠርግም ሆነ ለስብሰባ ተጠርቶበት አያውቅም።

ዋንጫው ከደሴ ተነስቶ በሐይቅ በኩል ወደ ውጫሌ ባለፈ ዕለት ማለዳ፣ ባልደረቦችዎ ሞንታርቦ በጫነ መኪና ሕዝቡን ሊቀሰቅሱ መጡ። መኪናው ወንዙ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ድልድይ የለማ። የበጋ ውሃ ነበርና ሱሪያቸውን ሰብስበው ተሻገሩና አባቴን ከደጁ አገኙት።

«አባባ፣ ሕዝቡን ይጥሩልን» አሉት።

«ልጆቼ፣ ይኼ ጥሪ ለሞተና ለታመመ ነው። ለዋንጫ አይሆንም» አላቸው።

«አገር ናት የምትጠራዎ፤ አገር ከአንድ ሰው ሞት ታንሳለች?» አሉት።

አባቴ ደጁ ላይ የቆመ እንግዳን እምቢ ማለት አያውቅበትም። ጉብታው ላይ ወጥቶ ጠራ።

ቅሬው ወጣ። ወንዶቹ ዶማና አካፋ ይዘው፣ ቃሬዛውን ተሸክመው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። ወንዙን እንደተሻገሩ የጭነት መኪና ቆሞ ሲያገኙ፣ ሟቹ ከተማ ሐኪም ቤት ያረፈ መስሏቸው ተጫኑ። ጎረቤታችን መስኡዳ መንገዱን ሙሉ ስታለቅስ ሄዳ፣ ሐይቅ ስትደርስ የሞተ ሰው የለም ሲሏት፣ «ከጀመርኩትስ» ብላ የቀድሞ ሙታኖቿን በየስማቸው እየጠራች ለቅሶዋን ፈጸመች። በማግሥቱ ቴሌቪዥኑ የአካባቢው ነዋሪ ዋንጫውን በደስታ እንባ እንደተቀበለ ዘገበ፤ ከሥሩም የአምባሰል ዜማ አስገቡበት። ዶማና አካፋው ሕዝቡ ለልማት ያለውን ዝግጁነት እንደሚያሳይ ተነገረ። ለዚህ ሁሉ ክብር አመሰግናለሁ።

ያን ቀን ከሁላችን በላይ የሳቀው ወንዱ የሚባለው ሰው ነበር። ወንዱ አጥር የሚያዋስነን ጎረቤታችን፣ የሁለት ልጆች አባት፣ የመንደራችን ቡድን በረኛ ነው። «ሌላው አገር ስታዲየም የሚገባ በቲኬት ነው፤ እኛ በአካፋ ገባን» እያለ ሳምንቱን ሙሉ አሳቀን። አባቴ ሲያዝንም፣ «ተዉት ጋሼ፣ ኳሱ ይምጣ፤ ለልጆቼ ይሆናል» ይለው ነበር።

አራተኛው የወንዱ ነገር ነው።

ሐምሌ ላይ ወንዱ ዛፍ ሲመለምል ወደቀ። ከላዩ ቁስል አይታይበትም፤ ሆዱ ግን ይነፋ ጀመር። ሚስቱ ሔለን እየሮጠች መጣች። አባቴ ጉብታው ላይ ወጥቶ ጠራ። ከታች ማሳ ላይ ብዙ ሰው ያርም ነበር። ኋላ ራሳቸው እያለቀሱ እንደነገሩኝ፣ አንዱ ቀና ብሎ «ዘይኑ ደግሞ ዋንጫ መጣለት» አለ፤ ሌላው «ይኼስ የሴቶቹ ዋንጫ ይሆናል» አለ፤ ተሳሳቁና ወደ አረማቸው ጎንበስ አሉ።

አራት ሰው መጣ። የቀሩት እንደ ወትሮው ይከተሉናል ብለን ቃሬዛውን አንስተን ወንዙ ዳር ደረስን። ክረምት ላይ ያን ወንዝ በሽተኛ ይዞ ለመሻገር አራቱ ቃሬዛውን በራሳቸው ላይ ከፍ ያደርጋሉ፣ ሌሎች ደግሞ ከላይ በኩል ክንድ ለክንድ ተያይዘው ውሃውን ይሰብሩላቸዋል። የሚሰብር ሰው አልነበረንም። አባቴ በሽምግልናው ልግባ ብሎ ሲነሳ ያዝነው። ከሐይቅ የተጠራው አምቡላንስ ማዶ ደርሶ ቆሟል። ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። ሾፌሩ ወርዶ ሁለት እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ያየናል፤ እኛም እናየዋለን።

እኔ ሰው ልጠራ ወደ ኋላ ሮጥኩ። «የዋንጫ አይደለም፤ ወንዱ ነው» ስላቸው አረሙን ጥለው፣ ጫማቸውን ጥለው እኔን ቀድመውኝ ሮጡ። ሲደርሱ ለአንድ ቃሬዛ ሳይሆን ለሦስት የሚበቃ ሰው ነበር። የወንዱ ሕይወት ግን አልፎ ነበር።

ሁሉም «አፉ በይን» እያለ ሔለን እግር ላይ ወደቀ። እርሷ የተናገረችው ለአባቴ ብቻ ነው። «ድምፅዎን ሰምቶ ነበር ጋሼ። አይዞሽ፣ አሁን ይመጣሉ ብሎኝ ነበር» አለችው።

ክቡር ሆይ፣ አምስተኛ ብዬ የማመሰግንበትን ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ይቅር፣ ትሕትናዬ እዚህ ላይ ደከመብኝ። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅ። ግብር ከፋዩ ታላላቅ ውድድሮችን ይሸፍን ወይ ተብዬ ብጠየቅ ፈጽሞ አይሸፍን አልልም፤ ወንዱም አይልም ነበር። ተጠይቆ የሰጠ ሰው ኳሱን ደስ ብሎት ያያል። እኛ ግን የተጠየቅነው ጭብጨባውን ብቻ ነው። ብንጠየቅ ኖሮ፣ እንግዳ የሚቀበል ቤት አስቀድሞ የታመመውን ያሳክማል፣ ከዚያ ነው ድንኳን የሚተክል እንልዎ ነበር። የወሎ ሰው እንግዳ አይጠላም፤ በሽተኛ አስተኝቶ መዝፈን ነው የማያውቅበት።

እኛ የምናውቀው መዋጮ ቅሬ ነው። ሁሉም ያዋጣል፣ የወደቀው ይነሳል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ግብር የሚባለውን ስማር፣ ሰፋ ያለ ቅሬ ነው ብዬ ነበር የተረዳሁት፤ ፈተናውንም በዚሁ መልስ አልፌዋለሁ። አሁንም እንደዚያው ይመስለኛል፤ ገና ወጣት ነኝ። ስለዚህ ከሚመጣው ክረምት በፊት ድልድዩን ይሥሩልን። ከዚያ በኋላ ደግሞ ዋንጫውን ይዘው ይምጡ፤ በመኪና ይገባሉ፣ ሞንታርቦዎ ከነድምፁ ይገባል፣ እኛም ወጥተን እናጨበጭባለን።

የሚሻገሩት ወንዝ ሁሉ ድልድይ ያለው፣ የሚጠሩት ሰው ሁሉ የሚደርስልዎ እንዲሆን አላህን እየለመንኩ፣ ከከፍተኛ አክብሮትና ከጎደለ እንቅልፍ ጋር እሰናበታለሁ።

ግብር ከፋይዎ፣
ሉብና ዘይኑልአቢዲን
ከአርዲቦ ዳር

የተረሳ፦ ቅሬያችን ተሰብስቦ በአባቴ ጥሪ ላይ አንድ ነገር ጨምሯል። ከእንግዲህ አባቴ ጉብታው ላይ ሲወጣ በመጀመሪያ «ወላሂ፣ ሰው ነው» ብሎ ይምላል፤ ከዚያ ይጠራል። በቅርቡ አንዲት አሮጊት ባረፉ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ማለ፤ ሰዉም አንድ ሳይቀር ወጣ። አባቴ ግን ከጉብታው ሲወርድ ፊቱን በፎጣው ሸፍኖ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ሳይምል የሚታመን ሰው ነበርና። ይህችን መሐላ ከዋንጫው ወጪ ጋር አብረው ይመዝግቡልኝ፤ በሪፖርትዎ ላይ ፈልጌ አላገኘኋትም።