ከድህነት ላስመረቁኝ ክቡር ሰብሳቢ

ለቀበሌያችን የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ሰብሳቢ፤
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ጎተራዎም እንደ ሪፖርትዎ የሞላ ይሁን እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን ከነመላው ቤተሰብዎ አቀርባለሁ። እኔ የሟቹ የመሪጌታ መዝገቡ ባለቤት አልታዬ፣ ከሁለት ሴት ልጆቼ ጋር እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ባለፈው ሳምንት በቀበሌው ጥበቃ እጅ በላኩልኝ ወረቀት፣ በምርቃቱ በዓል ላይ ለፈጸምኩት «ሥነ ሥርዓት የጎደለው ተግባር» በአምስት ቀን ውስጥ የይቅርታ ደብዳቤ እንዳቀርብ፣ ካላቀረብኩ ግን ስሜ ወደ ሴፍቲኔቱ ዝርዝር የመመለሱ ነገር እንደማይታይ ገልጸውልኛል። ፊደል ያስቆጠረኝ ባለቤቴ፣ ደብዳቤ ደርሶት ሳይመልስ የሚያድር ሰው አይወድም ነበርና ይኸው መልሴ። በአደባባይ መጻፌም ጥፋቴ የተፈጸመው በአደባባይ ስለሆነ ነው።

ወደ ጥፋቴ ከመግባቴ በፊት ግን የተደረገልኝን ሁሉ በተራ ማመስገን ይገባኛል።

፩ኛ. ስለ ምዝገባው አመሰግናለሁ። አምና በጥር መዝጋቢዎ ታብሌታቸውን ይዘው ቤቴ ሲመጡ፣ እኔ ከጎረቤቴ ከእትዬ ሀጀራ ጋር ስድስት ዓመት ሙሉ ለሴፍቲኔቱ ስንዴ በሠራንበት የእርከን ሥራ ላይ ድንጋይ ተሸክሜ ነበር። በዚያ ቀን ግቢዬ ውስጥ ሁለት በሬዎች ታስረዋል። ወንድሜ አወቀ ከማዶ ቀበሌ ወደ መካነ ሰላም ገበያ ሲነዳቸው አንደኛው አንክሶበት፣ እስኪሻለው እኔ ዘንድ አሳርፏቸው ነው። መዝጋቢዎ የማን ናቸው ብለው አንድ ሰው ሳይጠይቁ በስሜ አሰፈሯቸው፤ ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ያለበሰውን የቆርቆሮ ጣሪያም ጨመሩልኝ። ጠዋት ድሃ ሆኜ ወጥቼ ማታ ባለጸጋ ሆኜ ገባሁ። እራታችን ግን ያው ነበር።

፪ኛ. የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴውን ትጋት አመሰግናለሁ። ስሜን «ከተረጂነት የተላቀቁ ተመራቂዎች» በሚለው ዝርዝር ላይ ተለጥፎ ሳገኘው አመለከትኩ፤ በሬዎቹ የእኔ ላለመሆናቸው ማስረጃ አምጪ ተባልኩ። ወንድሜን ግማሽ ቀን በእግሩ አስኬጄ አቀረብኩት። እሱም በሬዎቹ የእሱ እንደነበሩና እንደሸጣቸው ተናገረ። የኮሚቴው ጸሐፊ ግን «ቃል ብቻውን አይበቃም፤ በሬዎቹ ይቅረቡ» አሉ። አወቀ «ጌታዬ፣ በሬዎቹ እኮ ደሴ ደርሰው ተበልተዋል» ቢላቸው፣ «እንግዲያውስ ማጣራት አይቻልም» ብለው ፋይሉን ዘጉት።

፫ኛ. ስለ እትዬ ሀጀራ ደግሞ በተለይ አመሰግናለሁ። እሳቸው የተመረቁት «ዓረብ አገር ልጅ አላቸው» በሚል ነው። ልጅቱ ድምጿ ከጠፋ ሦስት ዓመት እንዳለፈ የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቃል። እትዬ ሀጀራ በምርኩዛቸው ተደግፈው ኮሚቴው ፊት ቆሙና «ልጄ እንዳለች ከእናንተ ሰማሁ፤ አልሐምዱሊላህ። በአላህ ይሁንባችሁ፣ የት እንዳያችኋት ብቻ ንገሩኝ» አሉ። ጸሐፊው የሚቀጥለውን ባለጉዳይ ጠሩ።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ስንዴው ከየካቲት ጀምሮ ቀረ። በግንቦት ለዘር ያስቀመጥኩትን ገብስ በላነው። በነሐሴ ደግሞ ከጣሪያዬ ላይ ስድስት ቆርቆሮ ነቅዬ ሸጥኩና ከእትዬ ሀጀራ ጋር ተካፍለን ክረምቱን ወጣን። ከዚያ ወዲህ እኔና ልጆቼ የምንተኛው ዝናብ በማይደርስበት በአንዱ ጥግ ተጠጋግተን ነው።

በመስከረም መጨረሻ ለምርቃቱ ድንኳን ተጥሎ፣ ከዞን እንግዶች መጥተው፣ ማንበብ የምችል በመሆኔ «ሞዴል ተመራቂ» ሆኜ ተመረጥኩ፤ የምናገረውም ተጽፎ ተሰጠኝ። ልጆቼ ከፊት ተቀምጠው ያዩኛል። አንድ ቃል ሳልዘል አነበብኩት። «ዛሬ ራሴን ችዬ የሁለት በሬዎች ባለቤት ሆኛለሁ» የሚለው የመጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ እንግዶቹ አጨበጨቡ። ታናሿ ልጄ ግን ግራ ገብቷት እህቷን ቀና ብላ አየቻት። ያን ጊዜ ወረቀቱን አጠፍኩና «እዚህ ላይ የተጻፈችውን ሴት እኔም አላውቃት። የምታውቋት ካላችሁ ቤቷን አሳዩኝ፤ ጦም ያደረ መሬቴን አንድ ቀን እንድታርስልኝ ሄጄ ልለምናት» አልኩ።

ሰዉ ሳቀ፤ እርስዎ ማይኩን ከእጄ ቀሙኝ። እትዬ ሀጀራ ከተቀመጡበት ተነሥተው የምርቃት ምስክር ወረቀታቸውን ጠረጴዛዎ ላይ አኖሩና «ይኼን ለሚበላው ሰው ስጡት» አሉ። ዘጠኝ ሰዎች ተከተሏቸው። የእኔ አሥራ አንደኛው ነበር።

ሥነ ሥርዓት ጎደለው የተባለው ይህ ነው። ይቅርታ የምጠይቅበትን አጥብቄ ፈለግሁ፤ አንድ ነገር አላጣሁም። ያንን ውሸት በልጆቼ ፊት እስከ መጨረሻው ማንበቤ ነው። ልጆቼን በዚያው ቀን ማታ ይቅርታ ጠይቄ ጨርሻለሁ፤ ለእርስዎ የተረፈ የለኝም።

በማግስቱ አሥራ አንዳችንም ወረዳ ሄደን ደጅ ጠናን። በሦስተኛው ቀን መቅደላዊት የምትባል ወጣት ባለሙያ ተላከችልን። ሁለት ቀን ሙሉ ቤት ለቤት ዞረች፤ በየቤቱ ገብታ ጎንበስ ብላ ዕቃችንን አየች፣ ጎረቤት ጠየቀች፣ ያየችውንም ጻፈች። የአሥሩ ስም ተመለሰ፤ የእኔ ብቻ «የቀበሌው አስተያየት ይጠበቃል» ተብሎ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ቀረ። እርስዎም ጥበቃውን ላኩብኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላሳውቅዎ። እትዬ ሀጀራ የመጀመሪያውን ስንዴ እንደተቀበሉ በአህያ አስጭነው በቀጥታ ወደ እኔ ቤት መጡና ግማሹን ሰፌዴ ላይ ዘረገፉት። አይሆንም ብል «ቆርቆሮሽን ስበላ አይሆንም ብዬሻለሁ እንዴ?» ብለው ተቆጡኝ። ሌሎቹም ከየድርሻቸው ቁና ቁና አምጥተዋል። ስለዚህ በረሃብ ያስፈራሩኝ ማስፈራሪያ ለጊዜው ከደጄ ተመልሷል፤ የቀጠሩልኝ አምስት ቀን ሲያልቅም እዚሁ ነኝ። ስሜን በይቅርታ አልገዛም። ስድስት ዓመት በድንጋይ ገዝቼዋለሁ። የሚገባኝ ከሆነ በሚገባኝ መንገድ ይመለስ፤ አይገባሽም ካሉም ምክንያቱን በጽሑፍ፣ በፊርማዎና በማኅተምዎ ይስጡኝና ከወረዳ አልፌ ዞን ልውሰደው። መንገዱን አሁን አሥራ አንዳችንም ለምደነዋል።

ለሥራዎ መቃናት ቀንና ሌት የምትጸልይ፣ በጸሎቷም የሥራ ቦታዎ እንዲቀየር የምትለምን፣ አክባሪዎ፣
አልታዬ፣ የመሪጌታ መዝገቡ ባለቤት
ከመካነ ሰላም በላይ ካለው ቀበሌ

ማሳሰቢያ፦ ከወረዳ የመጣችው ልጅ የእርስዎ ሰዎች በስድስት ዓመት ያልጠየቁንን አንድ ጥያቄ በየቤቱ ጠይቃለች፤ «ትናንት ምን በላችሁ?» የሚል ነው። እርስዎም መጥተው ሊሞክሩት ይችላሉ፤ ደጄ ክፍት ነው። በጾም ቀን ብቻ እንዳይመጡ አደራ። በጾም ቀን ያለውም የሌለውም ሳይበላ ስለሚውል፣ ረሃባችንን ከጾም ቆጥረው ሁላችንንም በአንድ ላይ እንዳያስመርቁን።